ቁልፉ እማማ ጉያ ነው

ያላመነ አይመን። እኔም በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ አናት ትበሳለች። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ተደውሎልኝ አንድ ቤት ሄድኩ። ስልኬን መኪናዬ ውስጥ ቻርጅ ላይ ተውኩት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት ብዬ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጄን ከትምህርት ቤት አወጣለሁ። አምስት ዓመቷ ነው። ከእኔ ሌላ የሚወስዳት የለም።

በሩን የከፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው።

«መጣህ ልጄ? ዘገየህብኝ።»

ከኋላዬ ቆለፉ። ቁልፉን ጉያቸው ከተቱት...

ሳሎን ውስጥ አንድ ወፍራም ሰውዬና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው መሰሉኝ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

ፍሪጁን ከፈትኩት። ደህና ይሠራል።

የተደረደረበት ጫማ ነው።

ሰው አገር ስድስት ዓመት አዛውንት ተንከባክቤያለሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ወደ ሰውዬው ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የመርሳት በሽታ ነው። ሐኪም አይቷቸዋል?»

«ቀስ በል... በሽታ አይባልም። እርጅና ነው።»

«ቁልፉን ተቀበሏቸዋ።»

«እናት ጉያ እጁን የሚሰድ ማን ነው? አንተ ትሰዳለህ?»

አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም።

መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

«ልጄ» አሉ እማማ ከጓዳ።

«አቤት።» አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እሺ በላቸው» አለኝ ሰውዬው በሹክሹክታ። «እምቢ ካልክ ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱ ደግሞ... አይጣል ነው።»

አወለቅኩ።

ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ላብ አጠመቀኝ።

«አንተ ስንተኛ ልጃቸው ነህ?» አልኩት።

«እኔ የውሃ ቆጣሪ ላነብ ነው የመጣሁት።»

«መቼ?»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ... ተወው።

«እሱስ ሥራ ነበረው» አለች ሴትየዋ። «እኔ ቤት ተሳስቼ ነው።»

ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ልጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብቻዋን ቆማ ታየችኝ...

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እማማ ቁልፉን አወጡ። ለመሮጥ ተነሳሁ።

ደጃፉ ላይ የቆመችው ልጄ ናት። ብቻዋን። ያንን ቤት አይታው አታውቅም።

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

«አያቴ፣ ዛሬ ዘገየሁ እንዴ?»

«ያው እንደ ትናንቱ ነው የኔ እናት።»

እኔ ሳልደርስ በሩን መልሰው ቆለፉና ልጄን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁመቷን በእርሳስ ለኩ። ከአዲሱ ምልክት በታች ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ በየጎናቸው የልጄ ስም ተጽፏል።

የመጀመሪያው... ከጉልበቴ በታች ነው፤ የአራስ ልጅ ቁመት።