ትንሽ ልቀመጥ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ማስፈራራት ብንችልበት ኖሮ ፊልማችን መሳቂያ ሆኖ አይቀርም ነበር።

ግን የምነግራችሁ ነገር ሆኗል። በዓይኔ አይቻለሁ።

እሁድ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል፤ ከዘጠኙ ሁለቱ እኔና ወንድሜ ነን።

የፊልሙን ስም አልነግራችሁም። ያያችሁት ካላችሁ ይቅር በሉን።

ታሪኩ ስለ አንድ የተረገመ ግንብ ነው። የሞተች እመቤት መንፈስ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ትኖራለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ድምፅ ቀራጭ ነኝ። ወንድሜ ስሜን ትቶ "ጆሮ" ነው የሚለኝ።

ግንብ ከየት ይምጣ? አንድ የተተወ መጋዘን አገኘን። የድንጋይ ደረጃ ነበረው። በፊልሙ ውስጥ እውነተኛው ነገር እሱ ብቻ ነው። ግድግዳው ጨርቅ ላይ የተሳለ ድንጋይ ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ግንባችን ይወዛወዛል።

እመቤቷን የምትጫወተው ተዋናይት በሁለተኛው ቀን ጥላን ሄደች። ወንድሜ ራሱን ይዞ ደረጃው ሥር ተቀመጠ።

እናታችን ምሳ ይዛልን መጥታ ነበር።

"ምንድን ነው እሷ የምትሠራው?" አለች።

"ደረጃ መውጣት ነው እማዬ። ሌላ ምንም የላትም።"

"እሱማ እኔንስ መች ያቅተኛል።"

ልቧን ያማት ነበር። ወንድሜም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷማ ከሁላችን በላይ ታውቃለች። ግን ልጇ ራሱን ይዞ ተቀምጧል፤ እናት ናት።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልንገራችሁ።

ያን ቀን ጠዋት እኔና ወንድሜ ተጣልተን ነበር። የድምፅ ሰው ሥራው መስማት ነው። መኪና ሲያልፍ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ "አቁሙ" የሚለው እሱ ነው። እኔም ስድስት ጊዜ አስቆምኩ። በሰባተኛው ወንድሜ ሰው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ።

"አንቺ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ነው ሥራ የሚበላሸው። ስሚ ተባልሽ እንጂ ተናገሪ አልተባልሽም።"

እሺ አልኩት። በልቤ ግን... ካሁን ወዲያ ግንቡ እላያችን ላይ ቢናድ ትንፍሽ አልልም አልኩ።

እናቴን ከመጋረጃ የተሰፋ ከባድ ቀሚስ አለበስናት። ትንሿን ማይክ ደረቷ ላይ የሰካሁላት እኔ ነኝ። "አያምርብኝም?" ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወጣች።

"ይደገም" አለ ወንድሜ።

ወረደች። ወጣች።

"ይደገም።"

ሦስቴ። አራቴ።

በአምስተኛው... ማዳመጫዬ ውስጥ ትንፋሿ ተቀየረ። እንደ ፉጨት ያለ ነገር ነው... ይወጣል... ይቆማል... እንደገና ይወጣል። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማት...

"ልጄ... ትንሽ ልቀመጥ። ንገሪልኝ።"

ወንድሜ ካሜራው ጋ ነበር፣ ሩቅ። ከእኔ በቀር የሰማ ሰው የለም።

አፌን ልከፍት ስል እልህ ያዘኝ። ለምን ራሱ አያያትም፣ ዓይን የለውም እንዴ አልኩ። ዝም አልኩ።

"ይደገም።"

ስምንት ጊዜ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርናት።

ያንን ድምፅ አጠፋሁት። ፊልሙ ላይ የምትሰሙት የሌላ ሴት ድምፅ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታው በምን እንደሚታሽ ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

የቀረውን ቀረጻ ከቀብሩ ከወር በኋላ ጨረስን። ፊልሙ ወጣ። የመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግንቡ ሲወዛወዝ ሳቁ። እናቴ ደረጃውን ስትወጣ ደግሞ አንዱ ከኋላ "እማማ፣ ሊፍት የለም እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድሜ እጄን ይዞኝ ነበር። ለቀቀኝ። ሁለታችንም በሐዘን ቤት እንኳ እንደዚያ አልተሰበርንም።

እንግዲህ ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔና ወንድሜ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነን።

የደረጃው ትዕይንት መጣ።

ፊልሙን ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። እናቴ አራት ደረጃ ትወጣለች፣ ዞር ትላለች፣ ከዚያ ትዕይንቱ ይቆረጣል።

አራት ደረጃ ወጣች...

አልዞረችም።

እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ጨርቁ መወዛወዝ ነበረበት። አልተወዛወዘም። ሙሉ ክብደቷን ጥላበት ቆመች።

ከሙዚቃው ሥር አንድ ነገር ሰማሁ። ይወጣል... ይቆማል... ይወጣል።

ያጠፋሁት ትንፋሽ ነው።

"ይሰማሃል?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

ከዚያ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ... ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። 

ቀጣዩ ትዕይንት የራት አዳራሹ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ የቀረጽነው። ተዋንያኑ ማዕድ ከበው ያወራሉ። ከኋላቸው፣ ደረጃው ላይ... እናቴ ተቀምጣለች።

ሌላ ትዕይንት። ተቀምጣለች። ጉልበቷን እያሸች ነው፣ ቤት ከገበያ ስትመለስ እንደምታደርገው።

ከፊታችን ያለች ሴት ወደ ጓደኛዋ ዘንበል አለች።

"አሮጊቷ ምን ሆና ነው የተቀመጠችው?"

"ደክሟት ነዋ።"

ተሳሳቁ።

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። 

"ይሄን... እኔ አልቀረጽኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ጆሮ..."

"እ?"

"ያን ቀን... የሆነ ነገር ብላሽ ነበር? ደከመኝ... ምናምን? ማዳመጫው አንቺ ጋ ነበር እኮ።"

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ተናግሬ ብገላገል... ግን ያቺን ቃል ስል ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

"ምንም አላለችም" አልኩት።

ወንድሜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ተመስገን። እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ። ብላ ቢሆንማ አንቺ ትነግሪኝ ነበር።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እንደ ቀለለው ያስታውቃል። ለእሱ አዝኜ የዋሸሁ እንዳይመስላችሁ። ለራሴ ነው።

ቀና አልኩ።

እናቴ ጉልበቷን ማሸቷን ትታለች። ወደኛ ታያለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ቂም የለም። አንዴ ቆጣ ብትል እንዴት ደስ ባለኝ። ምሳ ይዛ የመጣች ቀን የነበራት ፊት ነው... እንቢ ማለት የማያውቅ ፊት።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች።

ቀሚሷን ከፍ አደረገች።

መውጣት ጀመረች።

"እማዬ፣ ተቀመጪ" ልላት አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።

ፊልሙ አለቀ። መብራት በራ። ሰዎቹ እያዛጉ ወጡ። ወንድሜ ዓይኑን ጠራርጎ ስክሪኑን አየና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

"አበቃ። ተነሺ እንሂድ።"

እሱ ወጣ። እኔ መነሳት አቃተኝ። የፊልም ማሽኑ ሠራተኛ ቁልፉን እያንቃጨለ በበሩ ብቅ አለ።

"እህቴ፣ ማሽኑን ካጠፋሁ እኮ ቆየሁ። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ነጩ ስክሪን ላይ እናቴ ትወጣለች። አንድ እግሯን ታነሳለች... ግድግዳውን ትይዛለች... ትንፋሿን ትጠብቃለች... ሌላውን ታስከትላለች።