ስለ ራሷ ያልተናገረችው እጩ

«ሁለት ሺህ አለፈ!» ሆዳያ ስልኳን ወደ ሳፒር ዓይን አስጠጋች። «ትምህርት ቤታችን እኮ ሰባት መቶ ተማሪ ነው ያለው። የቀረው ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ሳፒር ሳንድዊቿን እያላመጠች።

ሆዳያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የትምህርት ቤቱን የኢንስታግራም ገጽ የምታስተዳድረውም እሷ ናት። መምህርቷ ሊሞር የይለፍ ቃሉን ስትሰጣት «ለዚህ ሥራ ነገር የሚቆረቁረው ሰው ነው የሚያስፈልገው» ብላት ነበር። እውነቷን ነው። ሆዳያ አንድ ነገር ከቆረቆራት ምግብም አይበላላት።

ሁለት ሺህ ሰው ያየው ቪዲዮ የሃያ ሰከንድ ነው። ባለፈው እሑድ፣ የትምህርት ሳምንቱ በሚጀመርበት ቀን፣ ለተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበርነት የሚወዳደሩት አራቱ እጩዎች አዳራሽ ውስጥ ቀረቡ። ኤቭያታር ጊታር ይዞ መጣ። ኢላይ ስለ እግር ኳስ ሜዳው ፎከረ። የሆዳያ የልብ ጓደኛ ሳፒር አሥራ አንድ ገጽ እቅድ አዘጋጅታ ነበር፤ ገጽ ሁለት ላይ ስትደርስ ጊዜሽ አለቀ ተባለች። የመጨረሻዋ መብራት ናት፤ ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ። ስሟን ያስመዘገበችላት የዕብራይስጥ መምህርቷ ስትሆን ከክፍሏ ልጆች ውጭ የሚያውቃት አልነበረም።

ሆዳያ ማይክሮፎኑን አስጠግታ «ለምን አንቺን እንምረጥ?» አለቻት።

መብራት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ስለ ራሴ እኔ አልናገርም። የሚያውቀኝን ሰው ጠይቁ» አለችና ተቀመጠች።

ከዚያ አንዱ «መልካ!» ብሎ ጮኸ፣ በዕብራይስጥ ንግሥት ማለቱ ነው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሆዳያ ይህን ቅንጭብ በገጹ ላይ ለቀቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዳያን አንድ ነገር ቆረቆራት፤ ሰው መብራትን የሚመርጠው ለምንድን ነው? ምርጫው ከተነገረ ወዲህ በየዕረፍቱ ኪዮስኩ ጋ የተሰለፉትን ሠላሳ ልጆች «ዛሬ ቢሆን ማንን ትመርጣላችሁ?» እያለች ትጠይቃለች፤ መልሱን በደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች። እሑድ ጠዋት፣ ከአዳራሹ በፊት፣ መብራት ያገኘችው አንድ ድምፅ ነበር፤ እሱም ልጁ ከሌላ መብራት ጋር አምታቷት ሳይሆን አይቀርም። ቪዲዮው በተለቀቀ ማግስት ዘጠኝ ሆነ። ማክሰኞ የኢላይ ጓደኞች አነጋገሯን እያስመሰሉ የሠሩትን ፌዝ ሆዳያ በገጹ ላይ አጋራችው፤ አሥራ አራት ደረሰ። ረቡዕ ምንም አለቀቀችም፤ ቁጥሩም ካለበት አልተነቃነቀም። ሐሙስ ጠዋት ለሙከራ ያህል መብራት ከቧንቧ ውሃ ስትጠጣ የሚያሳይ ለቀቀች። አሥራ ሰባት!

«ገባሽ?» አለቻት ለሳፒር፤ በግኝቷ ፊቷ በርቷል። «ቢያሞግሷትም ቢያሾፉባትም ድምፅ ይጨምርላታል። ውሃ ስለጠጣች ሦስት ድምፅ! አንዱን ለምን መረጥካት ብለው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹የት እንደማውቃት እንጃ፣ ግን አውቃታለሁ›።»

«እኔ ስንት ነኝ?»

ሆዳያ ደብተሩን ከደነችው። «ስድስት።»

«እሑድ አሥራ ሁለት ነበርኩ።» ሳፒር ሳንድዊቹን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «በዚህ ሳምንት ስለ መብራት ስንት ለቀቅሽ? ስለ እኔስ?»

«ያንቺን እቅድ ማን ያየዋል ሳፒር? አሥራ አንድ ገጽ ነው እኮ!»

«አንቺ ግን አንብበሽዋል አይደል? ከሁለት ወር በፊት ነው የሰጠሁሽ።»

«አነበብኩት እንጂ» አለች ሆዳያ ቶሎ ብላ።

«ገጽ ሰባት ላይ ምን ይላል?»

ሆዳያ ስልኳን አየች። ሳፒር አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ብትጮህ ይሻል ነበር።

በዚያው ሰዓት የሆዳያ ስልክ ነዘረ። ያሮን የሚባል የከተማው ዜና ድረ ገጽ ጋዜጠኛ ነው። «ስለ ራሷ የማትናገረዋን ልጅ ሰኞ ልቀርጻት እፈልጋለሁ። የገጻችሁንም ስም እናነሳለን» ይላል። ምርጫው ማክሰኞ ነው።

ማታ እናቷ ወይዘሮ አያለች ከፋብሪካ ስትመለስ ቪዲዮውን አሳየቻት። እናቷ አልሳቀችም።

«ጨዋ ልጅ ናት» አለች።

«ኢማ፣ ሁሉም እኮ ብልጠት ነው የሚለው። ስትራቴጂ!»

«የምን ብልጠት? አገር ቤት ሽማግሌ ሲመረጥ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፣ ነውር ነው። ሌላው ተነስቶ ‹እኔ አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው› ይልለታል።» ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸት አሸት አደረገች። «ልጅቱ የሚያውቀኝን ጠይቁ ብላለች። ታዲያ ማንን ጠየቃችሁ?»

ሆዳያ ቪዲዮውን እንደገና ከፈተችና «የሚያውቀኝን ሰው ጠይቁ» የሚለውን ደግማ አዳመጠች።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያ ያገኘችው የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ጋሽ ጌታዬን ነበር።

«ጋሽ ጌታዬ፣ መብራትን ያውቋታል?»

«ከሁሉ ቀድማ የምትመጣዋን? እንዴታ! እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለስልኳ ታወራለች። ከማን ጋር እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።»

መብራት እዚያው ነበረች። ሆዳያ ስልኳን አውጥታ ካሜራውን ልትከፍት ስትል ተወችውና ኪሷ ከተተችው። ጎኗ ተቀመጠች።

«ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

መብራት አፈረች። «ከእናቴ ጋር። የትምህርት ቤቱ መልእክት ማታ ማታ በዕብራይስጥ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። እኔም ቶሎ አይገባኝም፤ ጠዋት እዚህ ቁጭ ብዬ እፈታውና በድምፅ እልክላታለሁ። እሷ ለጎረቤቶቻችን ታደርሳለች። አምና የወላጆች ቀን ማንም ሳይነግራት አልፏት አልቅሳለች።»

«ብትመረጪስ?»

«መልእክቱ ገና ሲመጣ በድምፅም እንዲሆን እጠይቃለሁ። በአማርኛም፣ ከሩሲያ ለመጡት በሩሲያኛም። ሌላ ብዙ አላውቅም።»

«ይሄን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች መብራት፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «አንቺ የቀረጽሽኝ ውሃ ስጠጣ ነው።»

ሆዳያም ሳቀች፤ ግን ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ሦስት ጊዜ ስለ እሷ ለቅቃለች፤ ስለ ልጅቱ ግን አንድም ነገር አታውቅም ነበር። መብራት ደግ ሆና መገኘቷ ዕድል ነው። ክፉ ብትሆንም ኖሮ ያው አሥራ ሰባት ትደርስ ነበር። ይህን ስታስብ ደነገጠች።

ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ የሳፒርን እቅድ ከቦርሳዋ ሥር አወጣችው። ጥጉ ተጨማድዷል፣ የሙዝ ሽታ አለው። በቀጥታ ገጽ ሰባትን ገለጠች።

«የትምህርት ቤቱ ገጽ» ይላል በሳፒር ንጹሕ ጽሑፍ፣ «በምርጫ ሳምንት ለሁሉም እጩ እኩል ጊዜ ይስጥ። ሆዳያ ይህን በደንብ ትሠራዋለች ብዬ አምናለሁ።»

ሆዳያ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለት ፌርማታ አለፋት።

ለያሮን ጻፈችለት፤ «ነገ ና። ግን አራቱንም ቅረጽ፤ ሁሉንም ቢመረጡ ምን እንደሚሠሩ ጠይቃቸው።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እሱ ዜና አይሆንም። ወይ ዝምተኛዋ ብቻ፣ ወይ ይቅር።»

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ። የገጹ ስም በከተማው ዜና ላይ! ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች።

«እንግዲያው ይቅር» ብላ ላከች። ቀጥላ ለአራቱም እጩዎች አንድ ዓይነት መልእክት ጻፈች፤ «ነገ ጠዋት፣ በር ላይ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ደቂቃ። የሚያውቃችሁን አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።»

ለሳፒር ለብቻዋ አንድ መስመር ጨመረች፦ «አላነበብኩትም ነበር። ዋሽቼሻለሁ።»

መልስ አልመጣም። ሆዳያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ገጽ አንድን ገለጠች።