ደላላውን ያጠጣሁት ውኃ

እኔ ስለ ጋኔንና ስለ ሟርት ሲወራ ጆሮዬን ሰጥቼ የማላውቅ፣ እንዲያውም የሚያወሩትን ስቄ የማሳፍር ሰው ነኝ፣ ጂኦግራፊ የምወደውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፣ ነፋሱም ዝናቡም ምክንያት አለውና። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷ ድሮም ታምናለች» እንዳትሉኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ሰቆጣ አሥራ አንደኛ ክፍል እየተማርኩ ነው። ቤተሰቦቼ ደሃና ወረዳ፣ ገጠር ናቸው፣ እኔ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስንቄን ከአምደወርቅ በሚመጣ ሚኒባስ እቀበላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ኪሮስ ያኔ በደላላ ወደ ሳዑዲ ከሄደ ዓመት አልፎታል፣ ደረሰ የሚለን ደላላው ብቻ ነው፣ አያ ደሳለ የሚሉት፣ ሲስቅ የወርቅ ጥርሱ የሚታይ ሰውዬ። እናቴ በገበያ ባገኘችው ቁጥር ታስቆመዋለች፣ እሱም «ተሻግሯል እናቴ፣ ፍየል ይጠብቃል፣ ስልክ የሌለበት በረሃ ነው» ይላታል፣ «እኔ እንደሁ ከአፋር ተመለስሁ፣ ባሕር በዓይኔም አላየሁ» ብሎ ይምላል። ከኪሮስ ጋር የሄዱት የሌላ አገር ልጆች ናቸው፣ የምንጠይቀው ሌላ ሰው የለም። እናቴ መርዶ የሚያረዳት ስላላገኘች ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ ማታ ማታ ግን በር ሳትዘጋ ትቆያለች። ደሳለን የጠላሁት ለዚህ ነው፣ ማልቀስ እንኳ ከለከለን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክበብ የዝናብ መለኪያ ነበረው፣ ቲቸር ታደለ ትልቅ ሃይላንድ አስቆርጠውን፣ አፉን ገልብጠን ከትተን፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፈን የሠራነው ነው፣ በየጠዋቱ የማነበው እኔ ነኝ። ጥር ላይ፣ ዋግ እንደምታውቁት በክረምቱም ዝናብ ለምና የምታገኝ አገር ናት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አንድ ጠዋት ብሄድ መለኪያው ሞልቷል። ቲቸር «ጤዛ ነው» አሉ፣ ጤዛ እስከ አፉ ይሞላል? ደፋሁት፣ በማግስቱም ሞላ። ጣቴን ነክሬ ብቀምሰው ጨው ነው፣ ያውም የሚመር፣ ምላስ ላይ የሚቀር። ቲቸር ተማሪ ቀልዶብን ነው ብለው ተቆጡና ቢሯቸው አስገብተው ቆለፉበት፣ ጠዋት አብረን ስንከፍት ሞልቷል፣ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ስለ ትነት ሊያስረዱኝ ጀመሩና ተዉት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ደግሞ፣ አትሳቁብኝ፣ ውኃው ማንም ሳይነካው ጎኑን እየመታ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ።

«ለኬሚስትሪ መምህሩ አሳዪው» ብለው በትንሽ ሃይላንድ አስገለበጡኝ፣ ይዤው ስወጣ ደሳለ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ ፈተና ያላለፉ ልጆችን ሊሸነግል። ፀሐዩ ያቃጥላል።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ውኃ ወዲህ በይው እስቲ» አለኝ።

«ይጠጡ አያ ደሳለ» አልኩት፣ በሁለት እጄ፣ በትሕትና። ጨው መሆኑን አውቃለሁ፣ ላሳፍረው ነበር፣ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

አንድ ጉንጭ ዋጠና ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄ የባሕሩ ውኃ ነው! ከወዴት አመጣሽው?»

እዚያ ከቆምነው ሁሉ ባሕርን ከካርታ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሌላ የሚያውቀው የለም። «ባሕር በዓይኔም አላየሁ ብለው አልነበር የማሉት?» አልኩት። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ያስለው ጀመር፣ ውኃ ያስታውካል፣ የጠጣው አንድ ጉንጭ፣ የወጣው ግን የበሩን አፈር አጨቅይቶ ቦይ ወረደ፣ ቲቸርም ዘበኛውም ቆመው አይተዋል፣ ጠይቋቸው። ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር ይለፈልፋል፦ «እኔ አልገፋሁትም! ጀልባዋ ከብዳ ነበር፣ አንድ ሰው ይጣል አሉኝ ባለጀልባዎቹ፣ ኪሮስን አሳየኋቸው፣ ዝምተኛ ነው፣ አይጮህም ብዬ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወንድሜ መሞቱን በሰማሁበት ሰዓት፣ መሬት ላይ ሲንፈራፈር እያየሁት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ እናቴ መርዶዋን ተረዳች፣ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፣ ለእኔ የዓመቱ ትልቅ እፎይታ ያ ነው። መለኪያውም ከዚያ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው ቤታችን መጡ። ደሳለ ታስሮም፣ ተፈትቶም ውኃ ሁሉ ጨው ሆኖበታል አሉኝ፣ ይበለው አልኩ። «እሱስ የእጁን ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «አሁን ግን ልጁንም ጀምሯታል፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ የምንጩም የቧንቧውም አልዋጥ ብሏት አልቃለች። ያጠጣሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ፣ አንቺው ማሪው።»

«ወንድሜስ ምን አደረገ?» አልኳቸው።

እናቴ ወደ ቤት ቋንቋችን ወደ ኽምጥኛ ዞራ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ልጅቷ የሰው ልጅ ናት፣ ማሪው ብላ ለመነችኝ። ለእሷ ብዬ መስቀል ተሳለምኩና «ማርኩት» አልኩ፣ ሁሉም «እሰይ» ብለው ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው ደወሉልኝ፣ «ከአፍሽ እንጂ ከልብሽ አልነበረም» አሉኝ፣ በምን እንዳወቁ እንጃ፣ ግን እውነታቸውን ነው። ለብቻዬ ስንቴ ሞከርኩ መሰላችሁ፣ ስሙ ላይ ስደርስ «አይጮህም ብዬ» የሚለው ይመጣብኛል፣ ጥርሴ ይገጥማል።

ትናንት ልጅቷን ገበያ አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። «ደህና ነሽ እህቴ?» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እመኑኝ፣ እዚያው ፊቷ ቆሜ አባቷን ልምረው ሞክሬ ነበር። አልወጣልኝም።