ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የመጣው ድምፅ

ሉዋም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷ ከወይዘሮ ሓዳስ ጋር ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ቤት ትኖራለች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንድትደውልላት እናቷ ስልክ ሰጥታታለች። «የማታውቂውን ሰው ግን እንዳታናግሪ» ብላታለች።

ልጆች፣ ሉዋም ክፉ ልጅ አልነበረችም። ብቻዋን መዋል ሰልችቷት ነው። አንድ ቀን ሚስጥር የምትባል ልጅ በስልኳ ጻፈችላት። «እኔም ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጓደኛ እንሁን?»

ሉዋም ደስ አላት። የትምህርት ቤቷን ስም ነገረቻት፤ ፎቶዋንም ላከችላት። ሚስጥር ደግሞ በቀጭን የልጅ ድምፅ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለቻት። ሉዋምም አልተናገረችም።

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ቤት ስትመለስ መልእክት ገባላት። «ቀዩ ሹራብ ያምርብሻል።»

ሉዋም ዞር ዞር አለች። ጉም ወርዷል፤ ዝናብም ያካፋል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ ይጣደፋል።

«የት ሆነሽ አየሽኝ?»

«መንገድ ዳር ካለው የፈረሰ ቤት የቆርቆሮ አጥር ጀርባ። ቡችላ ይዤልሻለሁ።»

ፈራች። እግሯ ግን ሄደ።

ከቆርቆሮው ወዲያ «ነይ እንጂ ጓደኛዬ፣ እየጠበቅኩሽ ነው» የሚል የልጅ ድምፅና ሣቅ ተሰማ።

«አንቺስ ለምን አትወጪም?»

«ነይ እንጂ ጓደኛዬ፣ እየጠበቅኩሽ ነው።»

ያው ቃል። ያው ሣቅ። ሦስተኛም ጊዜ ያው!

ሉዋም በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቀች። ልጅ የለችም። ቡችላም የለም። አንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ድምፁ የሚወጣው በእጁ ከያዘው ስልክ ነው።

«አምላኬ፣ አድነኝ!» እያለች ሮጠች። ጃንጥላ ከሚሸጡት ከእትዬ ዐፊፋ ሱቅ ዘላ ገባች።

«ምነው ልጄ? ምን አየሽ?»

«ሰውዬ... እማዬን ይጥሩልኝ!»

እትዬ ዐፊፋ በሩን ዘግተው ለእናቷ ደወሉ። ወዲያው የሉዋም ስልክ በእጇ ውስጥ ነዘረ። «ለምን ሮጥሽ?» ይላል።

እናቷ እየበረረች መጣች። ሉዋም እያለቀሰች አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። «ደብቄሽ ነበር እማዬ። ይቅር በዪኝ።»

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። «ይቅር ብዬሻለሁ። እንኳን ነገርሽኝ።»

መልእክቶቹን ሳያጠፉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ከሳምንት በኋላ ሰውዬው ተያዘ። በስልኩ ውስጥ የሌሎች ስድስት ልጆች ፎቶ ተገኘ። ሉዋም ባትናገር ኖሮ እነሱንም ይጠራቸው ነበር።

ልጆች፣ በስልክ የማታውቁትን ሰው አትመኑ፤ «ለወላጆችህ አትንገር፣ ለእናትሽ አትንገሪ» የሚላችሁ ከመጣ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ሮጣችሁ ንገሯቸው።