ዲቃላው ፊደል

«ወልደተንሣኤ፣ ተነሣ። ነግቷል።»

ኢንስፔክተር ፀደንያ ድምፁን የሰማችው የግቢውን በር ሳታልፍ ነው። የወጣት ወንድ ድምፅ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው። «ተርፏል ማለት ነው» ብላ ፈጠን አለች። ክፍሉ ስትደርስ ግን አልጋው ላይ የተጋደመው ልጅ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ድምፁ የሚወጣው ከጠረጴዛው ነበር።

«ራሱ ነው ራሱን የሚጠራው» አሉ አከራይዋ እትዬ ይመኙሻል፣ በሩን ተደግፈው። «ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው። ስልኩን ልዝጋ ብዬ ትራሱን ሳይቀር አገላበጥኩ። ስልክ የሚባል የለም።»

እውነታቸውን ነው፤ በእጅ የሚጨበጥ ስልክ አልነበረም። ስልኩም፣ በራሱ ድምፅ የቀዳው ማንቂያም ኮምፒውተሩ ውስጥ ናቸው። ኢሙሌተር ይሉታል፤ ልክ እንደ እውነተኛ ስልክ የሚሠራ ፕሮግራም። ወልደተንሣኤ ለማንም ክፍት የሆነ አንድ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም የስልክ ማስኬጃ ፕሮግራም፣ እዚያ ላይ ለማስነሣትና አማርኛ ለማስለመድ ሁለት ዓመት ደክሟል። እየሞከረ የሚያበላሸው ስልክ ስላልነበረው፣ በሌለ ስልክ ላይ ሠራ።

ከአልጋው አጠገብ አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። በሌለው ስልክ ማስታወሻ ላይ ደግሞ ከምሽቱ አምስት ሰዓት የተጻፈ ቃል ነበር፦

«ደክሞኛል። ከእንግዲህ በኋላ አትፈልጉኝ። አባቴ ይቅር ይበለኝ።»

ረፋድ ላይ አባትየው መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ከአንኮበር ደረሱ። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሄዷል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም።»

«አባቱም ቄሱም እርስዎ ነዎት፣ መምሬ።»

«ለዚህ እኮ ነው። መዘዞ ሳገለግል የአንዲት እናት ልጅ በገመድ ሞተ። ሦስት ቀን ደጄ ላይ ተቀመጠች። ሥርዓቱን አነበብኩላት እንጂ ልጇን አልፈታሁትም። ዛሬ ለራሴ ልጅ ስል ሥርዓቱን ባጥፈው፣ ያን ጊዜ ምን ነበርኩ?»

ከውስጥ ድምፁ እንደገና ተጣራ። መምሬ ወደ ክፍሉ አልዞሩም፤ መቋሚያውን የያዙት ጣቶቻቸው ብቻ ነጡ።

«ልዝጋላቸው?» አሉ እትዬ ይመኙሻል በሹክሹክታ።

«ምንም እንዳይነካ። ይልቅ ይንገሩኝ፣ በሩን እንዴት ከፈቱት?»

«ድምፁ አላቋርጥ ሲል መጣኋ። በሩ ሥር የተጎሰጎሰውን ጆንያ በእግሬ ገፋ አደረግሁና ከፈትኩት። መቀርቀሪያውማ ከተሰበረ ከርሟል። ጭሱ ሊጥለኝ ነበር። ከሰሉን የሸጠለት ያ ምህረቱ ነው፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጣ ብለን ብናስጠጋው።»

ምህረቱ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቀረበ።

«ከሰል ሻጭ ነኝ፤ ከሰል የሚሠራውን አውቃለሁ። ደጅ ይቀላል፣ ሲተኙ ተመልሶ ይወጣል። ልጁም እንዲያ ነው የሚያደርገው። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ አወጣና ‹ጋሼ፣ የቀረውን እርስዎ ይሙቁት› አለኝ። ሞቄ በረንዳው ላይ ትቼው ገባሁ። አሁን ሁሉም እኔን ያያል።»

«እኔ በሩን ነው የማየው» አለች ፀደንያ።

ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተለጥፏል። በስልኩ መጻፍ የሚቻለው ፊደል ሁሉ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ጫፍ ላይ ያሉት፣ እንደ ቋ እና ጓ ያሉ ዲቃላ ፊደላት ብቻ ባዶ ናቸው። ከግርጌው በደቃቅ እርሳስ «ቃለ አብ ሥራችንን ለሶፍትዌር ውድድር በራሱ ስም ብቻ አስገብቶታል። አርብ በሁለታችንም ስም ለሁሉም እለቀዋለሁ» የሚል ተጽፏል። የዛሬው ቀን ሐሙስ ነው።

ቃለ አብ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ክፍል ይኖራል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እነዚህ ለምን ባዶ ቀሩ?» አለችው።

«ዲቃሎቹ የእኔ ድርሻ ናቸው።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እሱ ሕጋዊዎቹን፣ እኔ ዲቃሎቹን ተካፈልን ብለን እንስቅ ነበር። ትናንት ጨረስኳቸው። ገና አልሰጠሁትም።»

«በኮምፒውተሩ ቁልፎችስ አይጽፍም?»

«ዘግቷቸዋል። ስልክን እንደ ስልክ ካልፈተንነው ይዋሸናል ይል ነበር። ስክሪኑ ላይ ያሉትን ፊደላት በማውዝ እየነካን ነው የምንጽፈው።»

«ማስታወሻውን ሌላ ሰው ያየዋል?»

«የእኔም ስልክ ላይ ይታያል። የሁለታችን አንድ ነው፤ እዚህ የተጻፈ እዚያ ይደርሳል።»

«እዚያ የተጻፈም እዚህ» አለች፤ እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እኩለ ቀን ላይ አራቱንም ከክፍሉ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። «ጆንያው ከውስጥ ተጎስጉሶ ቢሆን በሩ ራሱ ይገፋው ነበር። እትዬ ይመኙሻል ግን ከመክፈታቸው በፊት በእግራቸው ገፉት። ጆንያው ደጅ ነበር። አልጋው ላይ የተኛ ሰው ደግሞ በሩን ከደጅ አይደፍንም።»

እትዬ ይመኙሻል እግራቸውን አዩ። ምህረቱ ኮፍያውን ማሻሸት ተወ።

«ማንደጃውን ማንም ከበረንዳው ሊያስገባው ይችላል። ስንብቱን ግን ማንም ተነሥቶ አይጽፈውም።» ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ስክሪኑ ላይ ፊደላቱን በማውዝ አንድ በአንድ ነካች። «‹በኋላ› ብዬ ልጻፍ። ኋ አልመጣም። ልጁ የጻፋቸውን ማስታወሻዎች ሁሉ አነበብኩ፤ ‹ከምሳ በሁዋላ፣ ከቅዳሴ በሁዋላ› ነው የሚለው። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዲቃላ የለም። ስንብቱ ላይ ግን ኋ አለች። ማስታወሻው በሁለት ስልክ ይጻፋል፤ ያችን ፊደል የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ዲቃሎቹ ትናንት የተጨረሱበት።»

ቃለ አብ ወደ ፊደል ገበታው ዞረ።

«ነገ ሊለቀው ነበር» አለ። «ሌባ እባላለሁ። እንዲያመውና አርብ እንዲያልፍ ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«ለሚያመው ሰው ስንብት አይጻፍለትም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ፀደንያ ከመምሬ ፊት በርከክ አለች።

«ልጅዎ ራሱን አላጠፋም፣ መምሬ። ሬሳው ነገ ይሰጥዎታል። ፍትሐቱን ማንም አይከለክለውም።»

መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ አላለቀሱም። ከክፍሉ ውስጥ ድምፁ ተጣራ፦ «ወልደተንሣኤ፣ ተነሣ። ነግቷል።» እስኪያበቃ ሰሙት። ከዚያ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«የት ሊሄዱ ነው? ለአንኮበር ሰዎች ማን ይንገር?» አሉ እትዬ ይመኙሻል።

መምሬ የግቢውን በር አልፈው ወጡ። ፀደንያ ከመንገዱ ማዶ እስካለው መናኸሪያ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ወደ አንኮበር የሚመልሰው የጎረቤላ ሚኒባስ ሾፌር አውቋቸው በሩን ከፈተላቸው። አልፈውት ሄደው፣ ያች እናት ሦስት ቀን ደጃቸው ላይ ወደተቀመጠችበት መዘዞ የሚሄደው ላይ ተሳፈሩ።