የዋርካው ሥር ዋሶች

ጥሩወርቅ ለእርዳታ ድርጅቷ መንገድ ለማስከፈት ከታጣቂዎች ጋር የምትደራደር ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እየለመነች፣ ስድብ እየዋጠች፣ ስንቱን መኪና አሳልፋለች። ዛሬም ረፋዱ ላይ የኮሌራ መድኃኒት የጫነውን አይሱዙ ኬላው ጋ አስቁማ ወረደች። ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ አርባ ሰው ወድቋል፤ ዛሬ መድኃኒት ካልደረሰ የሚተርፍ የለም።

"ሕጉን ታውቂዋለሽ" አላት የታጣቂዎቹ አዛዥ ፊቷን እንኳ ሳያይ። "ሾፌር ሲገባ ዋስ ይቀመጣል። መኪናው ሳይመለስ ዋሱ ከተነሳ ሾፌሩ ሰላይ ነው፤ እዚያው ይቀራል።"

"ዋሱ እኔ ነኝ" አለች። ሾፌሩ ጋሽ ልሳኑ የስድስት ልጆች አባት ናቸው፤ በእሳቸው ነፍስ ሌላ ማን ይታመናል?

"አይዞሽ ልጄ፣ ደርሼ መጣሁ" ብለዋት በአቧራው ውስጥ ጠፉ።

ዋርካው ሥር ሌሎች አራት ዋሶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። "እንደምን አረፈዳችሁ?" ብትል የመለሰላት የለም። ወይ ጉድ፣ ሰላምታ የሚነፈግበት አገር ደረስን! ብላ በገነች። ከግንዱ በኩል የሻገተ ቆዳና የረጠበ ጆንያ ሽታ ይመጣል፤ ዝንቦቹ በሰዎቹ ከንፈርና ዓይን ላይ ያርፋሉ፣ እጁን አንስቶ እሽ የሚላቸው ግን የለም፤ ከቅርንጫፎቹ የወፍ ድምፅ አይሰማም፤ ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው አብሯት አልዞረም። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ልትነሳ ቃጣትና የጋሽ ልሳኑን ልጆች አስባ ቁጭ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይሱዙው ባዶውን እየተንገጫገጨ መጣ። "ተመስገን!" ብላ ብድግ ስትል አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ቀሚሷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት። በዚያ ሐሩር ጣቶቿ በረዶ ናቸው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም።

"ልቀቂኝ እንጂ ሴትዮ!" ብላ መንጭቃት ሮጠች። አዛዡ ከኋላዋ ሳቀ።

ጋቢናውም ያንኑ የሻገተ ቆዳ ይሸታል። "እንዴት ነበር ጋሽ ልሳኑ? አስረከቡ?" አለቻቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ደክሟቸው ነው አለች በሆዷ።

ኮረብታው ላይ ሲወጡ ኔትወርክ ያዘና ስልኳ ጮኸ። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር አልጋነሽ ነበረች።

"ጥሩዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ መድኃኒቱ ደርሶልናል! ጋሽ ልሳኑ ካርቶን ሲያወርዱ ቆይተው አሁን ገና ምሳ ቀረበላቸው፤ 'መጣሁ በያት፣ ከዋርካው ሥር እንዳትነሳ' ብለውኛል።"