የጁማ ሁለት ሽቶዎች

የቡሬው ሽቶ ነጋዴ ጁማ በሐምሌ ቀትር ላይ ከሱቁ መደርደሪያ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። በዚያ ጭቃና ዝናብ የበጋ ሽቶ የሚሸጥ ደፋር ሰው ነበር። ውዱን ኦሪጅናልና ርካሹን ተመሳሳይ ሳይደብቅ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ገዥ ሲመጣ ኦሪጅናሉን በቀኝ እጅጌው፣ ርካሹን በግራው ይረጭለትና ገበያውን ዞሮ እንዲመለስ፣ ከዚያም እንዲመርጥ ይነግረዋል።

ኢንስፔክተር መስከረም ሦስት ሰዎችን ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። የሟቹ ወንድም ሰዓድ ቀትር ላይ ደምበጫ እንደነበረ ሾፌሩ መስክሮለታል። ሻጯ ናጂሃ ምሳ ላይ ነበርኩ አለች፤ እውነቷን ነው። ሆኖም መስከረም የሽቶ ጠርሙስ ባነሳች ቁጥር ናጂሃ ዓይኗን ወደ ወለሉ ትጥል ነበር። ቀትር ላይ በበሩ ሲያልፍ የታየው መምህር ልዑልሰገድ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሱቁን እንዳልረገጠ ተናገረ።

«በዚህ ብርድ የሸሚዝዎን እጅጌ ለምን ሰበሰቡ?»

«ልማዴ ነው።»

«እስኪ ያውርዱት።»

በሁለቱም እጅጌ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ታየ። መስከረም ሦስት ነጭ ወረቀት ዘረጋች። ካልተከፈተ ካርቶን ባወጣችው ኦሪጅናል የተረጨው ነጭ እንደሆነ ደረቀ። ርካሹ ሰማያዊ ምልክት ተወ። ኦሪጅናል ተብሎ ለደንበኛ መሞከሪያ የተከፈተው ጠርሙስም እንደ ርካሹ ሰማያዊ ተወ።

«ቀለም የሚተወው ርካሹ ብቻ ነው» አለች። «ስለዚህ ግራ እጅጌዎ ብቻ መቅለም ነበረበት። የቀኙ ከዚህ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ ናጂሃ እንደነገረችኝ ከተከፈተ ገና ሦስት ቀኑ ነው። በዚህ ሳምንት እዚህ ነበሩ። እንደተታለሉም ከራስዎ እጅጌ ላይ አይተዋል።»

ልዑልሰገድ አንገቱን ደፋ። «ጧት ናጂሃ ሳትመጣ ረጨልኝ። ቀትር ላይ ተመልሼ አታላይ አልኩት። ወላሂ እያለ ሲይዘኝ ገፋሁት። መግደልስ አላሰብኩም።»

ሰዓድ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ወንድሜ በሐሰት ማለ?»

«ጠርሙሱን ማን እንደቀላቀለው እጅጌ አይናገርም» አለች መስከረም፤ ማንንም አላየችም።

ናጂሃ ዝም ብትል ነውሩ ከሟቹ ጋር ይቀበር ነበር። በየቀኑ ከውዱ ሽቶ ትንሽ ትንሽ እየተቀባች፣ ያጎደለችውን በርካሹ የሞላችው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ጧት ጁማ ነክተሽዋል ወይ ብሎ ሲጠይቃት ምላ ክዳዋለች።

«በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሰዓድ። እሱ የማለው እኔን አምኖ ነው።»

ሰዓድ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም።

«ብትጠይቂው እኮ ይሰጥሽ ነበር» አላት።

ናጂሃም ይህን ታውቅ ነበር።